በአንድ ጎማ ወደ ይርጋጨፌ

ልጅ እያለሁ ዲላ ውስጥ ርቀትን በኪሎ ሜትር የሚናገር ሰው አላጋጠመኝም። እኛ ልጆቹ የምንለካው በቦታ ነበር፤ እስከ መናኸሪያ፣ እስከ ድልድዩ፣ እስከ ጪጩ እያልን። የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው አባቴ የሚለካው በማርሽ ነው። ወናጎ ምን ያህል ይርቃል ብሎ ለጠየቀው ሰው የትኛው ዳገት በሦስተኛ እንደሚወጣ፣ የትኛው ወደ ሁለተኛ እንደሚያስወርድ ዘርዝሮ ይነግረዋል እንጂ ቁጥር ከአፉ አይወጣም። ጓደኛዬ ታደለች ደግሞ በጥላዋ ትለካ ነበር። ጥላዬ እኔን ሲያክል እነሳለሁ፣ ባሕር ዛፍ ሲያክል ቤት እደርሳለሁ ትለኝ ነበር። እኔ የራሴን መለኪያ ያገኘሁት ባለ አንድ ጎማ ሳይክል ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ሳይክሉን ያመጣው ጋሽ ሙሌ የምንለው ወጣት አሰልጣኝ ነበር። ከሐዋሳ መጥቶ በከተማው አዳራሽ ልጆች ሰብስቦ ሰርከስ ማስተማር ጀመረ። እኔ ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከኳሶቹና ከገመዶቹ ጋር አንድ ጉድ ነገር ከጆንያ ሲያወጣ ሁላችንም ከበብነው። አንድ ጎማ፣ ሁለት ፔዳል፣ ከላይ ደግሞ ጠባብ መቀመጫ። መሪ የለው፣ ፍሬን የለው። አንዱ ልጅ ግማሹን ጅብ የበላው ሳይክል ነው አለና ሳቅን። ከዚያ ሁላችንም በየተራ ሞክረን፣ ሁላችንም በየተራ ወደቅን።

ሌሎቹ ቶሎ ሰለቻቸው። እኔ ግን እንዴት እንደሚቆም ሳይገባኝ ቤቴ ገብቼ መተኛት አቃተኝ። ከትምህርት በኋላ የአዳራሹን ግድግዳ በአንድ እጄ ይዤ እየተንጠለጠልኩ ወዲያና ወዲህ እል ነበር። የቅልጥሜ ቆዳ በፔዳሉ ተመትቶ ተላልጦ ነበር። ሚዛን መጠበቅ ማለት አለመውደቅ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ቀን ከግድግዳው ስላቀቅ ነው ነገሩ የገባኝ። ወደ ፊት ትወድቂያለሽ፤ መሬት ከመድረስሽ በፊት ግን ጎማው ከሥርሽ ይደርስልሻል። እንደገና ትወድቂያለሽ፣ እንደገና ይደርስልሻል። መሄድ የሚባለው እሱ ነው ለካ። አዳራሹን አቋርጬ ማዶው ግድግዳ ላይ ስላተም ከደስታዬ ብዛት ግንባሬ መድማቱን እንኳ አላወቅኩም።

እማዬ ግንባሬን አይታ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ቀጥሎ ቀሚሴን አየች። የቀሚሴ ጫፍ ፔዳሉ ውስጥ እየገባ ተተልትሎ ነበር። በማግስቱ ከሱቃችን ከተረፈ ወፍራም ጨርቅ ከታች ጠበብ ያለ ሱሪ ሰፋችልኝ፤ ቀሚሱን ደግሞ ከጉልበት አሳጠረችው።  ስትጨርስ፣ ሻሽሽን በደንብ እሰሪ፣ አይንሽ ላይ እንዳይወርድ አለችኝ።

ሳይክሉ ስም ያስፈልገው ነበር። መጀመሪያ «አንድዬ» አልነው። የጎረቤታችን እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ አማተቡና፣ አንድዬ የሚባለው ፈጣሪ ብቻ ነው፣ በፔዳል የሚረገጥ ነገር አንድዬ አይባልም ብለው ገሠጹን። እማዬም ሙስሊም ብትሆን በዚህ ጉዳይ ከእትዬ አስካለ ጎን ቆመች። ስለዚህ ስሙን ወደ «ነጠላ» ቀየርነው፤ ባለ ነጠላ ጎማ ነውና። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ፣ ሰሚራ ነጠላዋን ይዛ ወጣች፣ ሰሚራ ከነጠላዋ ወደቀች ሲል፣ እንግዳ ሰው ግራ እየተጋባ ያየን ነበር።

ትርኢት ስናሳይ የእኔ ሥራ መድረኩን በነጠላ መዞር ነበር። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እኔ እዞራለሁ። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ትርኢታችን ላይ፣ እየዞርኩ ሳለሁ አንድ ጥያቄ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ባልዞርስ? ጎማው ክብ ቢሆንም መንገዱ ለምን ክብ ይሆናል? ቀጥ ብዬ ብሄድ የት እደርሳለሁ? ጋሽ ሙሌን ስጠይቀው ሳቀ። ይህ የመድረክ ዕቃ ነው፣ ለመንገድ አልተሠራም አለኝ። እና ማንም ሰው መንገድ ላይ ሩቅ ሄዶበት አያውቅም ወይ አልኩት። እኔ አላየሁም አለ። አይቻልም አላለም። አላየሁም ነው ያለው። ለእኔ ይህ በቂ ነበር።

ዓመቱ ሳያልቅ ጋሽ ሙሌ ሥራ አግኝቶ ወደ ሐዋሳ ተመለሰ፤ የሰርከስ ቡድናችንም ተበተነ። ኳሶቹን ለትንንሾቹ አከፋፈለና ነጠላን ለእኔ ተወልኝ። ከአንቺ ሌላ የሚነዳው የለም፣ ወስጄ ምን አደርገዋለሁ አለ።

ታደለች ከታላቅ ወንድሟ ጋር ከግቢያችን ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትማር የጌዴኦ ልጅ ነበረች። አርብ አርብ ከጠዋት ፈረቃ በኋላ ወናጎ አካባቢ ወዳሉት ቤተሰቦቿ በእግሯ ትሄድና እሑድ የሳምንት ስንቋን፣ ቆጮውንና ጎመኑን ተሸክማ ትመለሳለች። አማርኛን ትምህርት ቤት ነው የለመደችው። ስትቸኩል እኔን «አንተ» ትለኝ ነበር፤ እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው የምቀየመውን ከእሷ ስሰማ ደስ ይለኛል። አንድ አርብ ነጠላ ላይ ሆኜ እስከ ከተማው መውጫ ሸኘኋት። በሚቀጥለው አርብ ትንሽ አለፍ አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሽኝቱ በየሳምንቱ እየረዘመ ሄደ።

ሕጉን ያወጣችው ታደለች ናት። እግር መሬት ከነካ አለቀ። የነካበት ቦታ ላይ ድንጋይ ታስቀምጣለች፣ እኔ ነጠላን እየገፋሁ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፣ እሷ መንገዷን ትቀጥላለች። የሚቀጥለው አርብ ከዚያ ድንጋይ ማለፍ አለብኝ። እንደ እሷ ያለ ጥብቅ ዳኛ ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም። አንድ ጊዜ ከብት መንገዱን ሲያቋርጥ የጫማዬ ጫፍ አስፋልቱን ጫር አደረገ። በከብት ምክንያት ነው፣ አይቆጠርም ብዬ ስሟገት፣ «ከብቱ ጥፋት አለው። እግርህ ግን ነካ» ብላኝ ድንጋይ ፍለጋ ሄደች።

በመኪና ስንቴ የተመላለስኩበት መንገድ በአንድ ጎማ ሌላ መንገድ ሆኖ አገኘሁት። ሜዳ ነው የምለው ቦታ ሁሉ ዳገት ኖሯል። ቁልቁለትም እረፍት አይደለም፤ ነጠላ ፍሬን ስለሌለው ጎማው እንዳያመልጥ በጉልበት መያዝ አለብኝ፤ ፔዳሉም አብሮ ስለሚዞር እግሬን ለአፍታ እንኳ ማሳረፍ አልችልም። ትልቅ መኪና ሲያልፍ ነፋሱ መጀመሪያ ወደ ራሱ ይስበኛል፣ ቀጥሎ ይገፋኛል። ከሁሉ የሚከፋው መቀመጫው ነበር፤ ታደለች ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጣ ከመኪና ጎማ በወጣ ላስቲክ ጠቅልላ አሰረችልኝ። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ከቡና ማጠቢያዎቹ የሚመጣው የገለባ ሽታ፣ ያ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነው፣ የት ቦታ ይጀምርና የት ቦታ ያቆም እንደነበር ዓይኔን ጨፍኜ መናገር እችል ነበር።

መንገድ ዳር የተቀመጡ ሽማግሌ አንድ ቀን በጌዴኦኛ አንድ ነገር ጠየቁን፤ ታደለችም መለሰችላቸውና ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ምን አሉ ብላት፣ ሌላው ጎማ የት ሄደ ነው የሚሉት አለችኝ። እና ምን አልሽ? «ቀድሞ ወናጎ ደርሷል፣ እሱን እየተከተልን ነው አልኩ።» አያቷም ስለ እኔ ሰምተው ምክር ልከውልኝ ነበር። እንሰት የተከለ ሰው አይቸኩልም በያት ብለዋታል። እኔ ግን እቸኩል ነበር። ጪጩን ካለፍን ወዲህ ወናጎ ሌት ተቀን ከሐሳቤ አልወጣም አለ።

አባቴ ስለ ሰርከሱ ያውቃል፤ አንድ ትርኢት ላይም ተገኝቶ ከኋላ ቆሞ አይቶኛል። አሰልጣኙ ሲሄድ ነገሩ አብሮ የሄደ መስሎት ነበር። አብዛኛውን ሳምንት መኪናው ላይ ነው፤ የሱቅ ዕቃ ከይርጋጨፌ ማዶ ወዳለችው ገደብ ከተማ ያደርሳል፣ ከዚያ ያገኘውን ጭኖ ይመለሳል። መንገዱን ይፈራው ነበር። ከአንድ ጓደኛው ጋር ሾፌርነት ጀምረው ጓደኛው በአደጋ በዚያው መንገድ ቀርቷል። መንገድ ዘመድ የለውም የሚለው አባባሉ የመጣው ከዚያ ነው። እማዬ አርብ አርብ የት እንደምሄድ ታውቃለች። ጊዜው ሲደርስ እኔ እነግረዋለሁ፣ አንቺ ዝም በይ ብላኛለች።

ጊዜው በራሱ ደረሰ። አንድ አርብ ዳመና ሆኖ ነፋሱ ከኋላ ይመጣ ነበር። ጪጩን ሳልደክም አለፍኩ፤ ያለፈውን ሳምንት ድንጋይ አለፍኩ። ታደለች ጫማዋን በእጇ ይዛ ከጎኔ ትሮጣለች።  አባቴ ጠዋት ወጥቷል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን የጁምዓ ሶላት ሰግዶ ነው የተነሳው። ወናጎ ከመድረሳችን በፊት ያለው ዳገት ላይ ከኋላዬ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ሞተሩን አወቅኩት። የቤታችን ሰው ሁሉ ያንን ሞተር ከሰፈሩ ማዶ ሆኖ ያውቀዋል።

መኪናው ቀስ ብሎ መጣና ከጎኔ ሆነ። አባቴ በጋቢናው መስኮት ቁልቁል አየኝ። ነጠላ ላይ ሳይወርዱ መቆም የሚቻለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ፔዳሉን ግማሽ ወደ ፊት፣ ግማሽ ወደ ኋላ እያሉ ባሉበት መወዛወዝ። ዳገት ላይ አድርጌው አላውቅም ነበር። ያን ቀን አደረግኩት። አባቴ ፊት፣ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ እያልኩ፣ እጆቼን ዘርግቼ ቆምኩ።

«ውረጂ» አለኝ።

«አባዬ፣ ከወረድኩ ያልቃል።»

«ምኑ ነው የሚያልቀው?»

ትንፋሽ አጥሮኝ መመለስ አልቻልኩም። ታደለች ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። እሷም ታለከልክ ነበር፤ አማርኛዋም ተደነቃቀፈባት። «ጋሼ፣ ከዲላ ጀምሮ ነው። እግሩ መሬት አልነካም። እኔ አይቻለሁ።»

አባቴ አንገቱን አውጥቶ ወደ መጣንበት ወደ ዲላ አየ። ብዙ አየ። ከዚያ ወደ እግሬ ተመለሰ። ከኋላው የቆመ ሌላ መኪና ክላክስ አደረገ። እኔ አንድ ቃል ቢጨምር ልወድቅ ነበር።

«ዳር ያዢ» አለ በመጨረሻ። «ወደ ኋላ እንዳትዞሪ።»

ሁለቱንም ፍሬቻ አብርቶ በአንደኛ ማርሽ ከኋላዬ ተከተለኝ። የሚቸኩሉት ሁሉ ክላክሳቸውን እየነፉ አለፉን፤ እሱ ግን አንዴም ክላክስ አላደረገም። ያንን የሞተር ጉርምርምታ ጀርባዬ ላይ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ወናጎ መግቢያ ላይ ሕፃናት ተሰብስበው አብረውን ሮጡ። ገበያው ጋ ስደርስ ወረድኩ፤ እግሬ ግን መሬቱን ረስቶት ነበርና አልቆም ብሎኝ ታደለች ላይ ተደገፍኩ።

አባቴ ከጋቢናው ሲወርድ ሰዉ የሚመታኝ መሰለው። ወደ እኔ አልመጣም። ነጠላን አነሳው። ገለበጠው፣ ጎማውን በእጁ አዞረ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሞከረ፣ የታደለችን ስፖንጅ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ። ቁልቁለት ላይ በምን ትይዢዋለሽ ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሻይ ቤት አስገብቶ ሻይና ዳቦ አዘዘልን።  እኔም ሻዬን እየጠጣሁ ቁጣው ከየት በኩል እንደሚመጣ እጠብቅ ነበር።

«የይርጋጨፌው መንገድ» አለ ድንገት፣ ብርጭቆውን እያየ፣ «ሰው የሚፈራው ረጅሙን ዳገት ነው። ክፉው እሱ አይደለም። ከኩርባው በኋላ የሚመጣው አጭሩ ነው።»

ታደለች በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። «ከእንግዲህ ግን እኔ ከኋላ ሳልሆን አስፋልት ላይ አትወጪም። ይህን ማይልኝ» አለ። ማልኩለት። ነጠላን ሚኒባስ ላይ አስጭኖ ወደ ዲላ ላከኝና እሱ ወደ ገደብ ቀጠለ።

ይርጋጨፌን የሞከርነው የበጋው የመጀመሪያ ዝናብ ጥሎ ቡናው ሲያብብ ነው። ያንን ሽታ ያላሸተተ ሰው እንዴት ብዬ ላስረዳው? መንገዱ ሁሉ ነጭ አበባ ሆኖ፣ አየሩ ራሱ የሚጠጣ ይመስላል። ሱብሂ፣ የንጋቱ ሶላት፣ እንደተሰገደ ከዲላ ተነሳሁ። እማዬ ምግብ ይዛ ጋቢና ውስጥ አባቴ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ታደለች ወናጎ ላይ ጠብቃ ተቀላቀለችን። ወናጎን ያለፍኩት ሳልወርድ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው እያንዳንዱ ዛፍ፣ እያንዳንዱ የእንሰት ጓሮ በነጠላ አይቼው የማላውቀው አገር ነበር። ከቀጣዩ ኩርባ በኋላ ምን እንዳለ በመኪና አውቀዋለሁ፤ ያም ሆኖ ምን ይኖር ይሆን እያልኩ ልቤ ይመታ ነበር።

አባቴ የነገረኝ ረጅሙ ዳገት አለቀ። ኩርባው መጣ። አጭሩ ዳገት ከፊቴ ቀጥ ብሎ ሲታየኝ የቀኝ ባቴ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ሁለት ሦስት ጊዜ ፔዳሉን ገፋሁ። ከዚያ እግሬ የራሱን ውሳኔ ወሰነ።

 ታደለች እግሬን አየች፣ መኪናውን አየች፣ እንደገና እግሬን አየች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እንዳላየች ልታልፈው ትችል ነበር፤ ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም አላየም። «ነካ» አለች ቀስ ብላ፣ እና ድንጋይ ልትፈልግ ሄደች።

አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እማዬ ወርዳ ባቴን ማሸት ጀመረች። አባቴ ከፊታችን ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ሽቅብ ያንን አጭር ዳገት ያይ ነበር። ለረጅም ጊዜ ካየው በኋላ፣ «ቀሪው እዚያው አለ፤ የትም አይሄድም» አለኝ።

በሚቀጥለው በጋ እንሞክራለን ተባብለን ነበር። ከዚያ በፊት ግን የፔዳሉ ክንድ ላላ፤ ቢበየድ ተሰበረ፣ እንደገና ቢበየድ እንደገና ተሰበረ፤ መለዋወጫው ደግሞ እኛ አገር አልነበረም። ታደለች ለጤና ትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። እኔም አደግኩ፤ ያደገች ልጅ በመንገድ ላይ ስትጫወት ሰው የሚያይበት ዓይን ይለወጣል። እንዲህ ነው የቀረው። የጨከነብኝ ሰው የለም።

አሁን ዲላ ውስጥ የቤታችንን ሱቅ የያዝኩት እኔ ነኝ። አባቴ መኪናውን ከሸጠ ቆይቷል፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ ከሰዓት በኋላ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ከሚያልፉት ሾፌሮች ጋር ያወራል። ታደለች ገደብ አጠገብ ባለችው ወርቃ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት። ባለፈው ጥቅምት ልጠይቃት ልጄን ይዤ ወደ ገደብ በሚኒባስ ሄድኩ። ልጄ ሳንነሳ በፊት ስልኬን ከፍታ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደምንደርስ ነገረችኝ፤ የነገረችኝም ልክ ነበር። በሞተርና በባጃጅ የሚጋፉት የዛሬ ልጆች ጥያቄ የላቸውም ብዬ አልፈርድም። መልሱ ጥያቄውን ቀድሞ ስለሚመጣላቸው ግን አንዳንዴ አዝንላቸዋለሁ። እኛ የት እንደምንደርስ የምናውቀው ከደረስን በኋላ ነበር።

ወናጎን ስናልፍ ለልጄ የእኔንና የነጠላን ነገር አወራኋት። በአንድ ጎማ? አለች፣ አላመነችኝም። ኩርባው ጋ ስንደርስ አሳይሻለሁ ብዬ መስኮቱን ከፈትኩ። የቡናው ገለባ ሽታ ገባ። ዓይኔን ከመንገዱ ዳር ሳልነቅል ቆየሁ፤ ኩርባው ይህ ነው ስል ሌላ ይመጣል፣ እሱ ነው ስል ደግሞ ሌላ። የቱ እንደሆነ ሳልለይ ይርጋጨፌ ገባን። ከዚያ ኩርባ ወዲያ ያለውን መንገድ በመኪና ስንት ጊዜ እንዳለፍኩበት አላውቅም። በአንድ ጎማ ሲያዩት ምን እንደሚመስል ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።